ራስ ያዢዋ

የጡረታ መሰናበቻዬ ቀን ባልደረቦቼ አሮጌዋን ላሪንጎስኮፔን በመስታወት ሳጥን ውስጥ አስቀምጠው፣ ከሥሯ ስሜን አስቀርጸው ሰጡኝ። ለማያውቃት ሰው ላሪንጎስኮፕ ማለት ጫፏ ላይ መብራት ያላት ጎበጥ ያለች ብረት ናት። በሽተኛው ማደንዘዣ ወስዶ ሲተኛ ምላሱን አንስታ የመተንፈሻውን በር ታሳየናለች፤ እኛም ቱቦውን በዚያ እናስገባለን። የብዙ ዓመት እንጀራዬ እሷ ናት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ እኔም እጅ ነሳሁ። ዓይኔ ግን ጥግ ወዳለው ቁም ሳጥን ሄደ። እዚያ ውስጥ ስክሪን ያለው አዲሱ መሣሪያ አለ። የራሱ ቁልፍ አለው፤ አቧራ እንዳይነካው በልኩ የተሰፋ ልብስም አለው። የእኔዋ ሚስማር ላይ ልትሰቀል፣ እሱ ተሸፋፍኖ ሊተኛ! ሰው በዕቃ ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ቀንቻለሁ። በዕቃው ብቻም አይደለም።

ስሜ ለተብርሃን ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር ለተ ይሉኛል። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ መቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የሚባለው ሰፈር ነው። ይህን ስጽፍ ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ «አደይ፣ ምነው በትግርኛ ብትጽፊው?» አለችኝ። አፌን የፈታሁት በትግርኛ ነው፤ የሚጣፍጠኝም እሱ ነው። ነገር ግን ይህን ማንበብ ያለበት አንድ ሰው ትግርኛ በቅጡ አያውቅም።

ሥራ የጀመርኩት ማይጨው፣ በነርስነት ነበር። ስለ ደመወዙ ባላወራ ይሻላል። ማደንዘዣ ለመማር ወደ መቐለ ስመለስ ያስተማሩኝ መምህር ሓዱሽ ናቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሲቆጡ እንኳን የሚያስነጥሱ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በሽተኛው ቀዝቃዛ እጅ እንዳይነካው ብለው መዳፎቻቸውን እያፋተጉ ያሞቁ ነበር። ከማስተኛታቸው በፊት ስማቸውን ከነአባታቸው ይነግሩታል። «የሚያስተኛውን ሳያውቅ የሚተኛ የለም» ይሉን ነበር። እኔን «ጓለይ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ከተማሪዎቹ ሁሉ ጓለይ የሚሏት እኔን ብቻ ነበር፤ ይህንን ልብ በሉልኝ።

ከልማዶቻቸው ሁሉ የጠለቀው ግን ሌላ ነው። አንገቱ ተሰብሯል ተብሎ የሚጠረጠር ሰው ወደ እኛ የሚመጣው አንገቱ በኮላር፣ እንዳይነቃነቅ በሚይዝ ጠንካራ ማሰሪያ፣ ታስሮ ነው። ለሌላው በሽተኛ ትራስ አድርገን፣ አንገቱን ቀና አድርገን መንገዱን እናስተካክላለን። ለዚህኛው አይቻልም። አንገቱ ከተነቃነቀ ውስጡ ያለው ነርቭ ሊቆረጥ፣ ሰውየውም እጅና እግሩን ሊያጣ ይችላል። ኮላሩ እንደታሰረ ደግሞ አፍ አይከፈትም። ስለዚህ የፊቱን ግማሽ እናላላና አንድ ሰው በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ግራና ቀኝ ይይዛል። ቱቦ የሚያስገባው እየታገለ ሳለ የዚህ ሰው ሥራ አንድ ነው፤ ጭንቅላቱን ባለበት ማቆየት።

በሌላ ቦታ ራስ ያዥ የሚሆነው ከሁሉ ኋላ የመጣ ተማሪ ነው። መምህር ሓዱሽ ዘንድ ግን ወይ እሳቸው ይይዛሉ፣ ወይ እጁን የሚያምኑት ሰው። ሥራው ሲያልቅም ቱቦ ያስገባውን ምንም አይጠይቁትም። ወደ ራስ ያዡ ዞረው በትግርኛ «እንታይ ተሰሚዑኪ?» ይላሉ፤ ምን ተሰማሽ? መልሱ ከሦስት አንዱ ነው። «ብዙሕ» ካልሽ ጭንቅላቱ ብዙ ተነቃንቋል። «ቁሩብ» ካልሽ ትንሽ። «ዋላ ሓንቲ» ካልሽ ምንም። የቱቦ አስገቢው ውጤት ይኸው ነው፤ ሌላ ማርክ የለም። ፈጠነም ዘገየም፣ መምህር ሓዱሽ ጉዳያቸው አልነበረም።

በዚህ መለኪያ የወደቅሁበትን ቀን ልንገራችሁ። እንዳ ኢየሱስ ዳገት ላይ ከሚሠራ ፎቅ አንድ ግንበኛ ወድቆ መጣ። አንገቱ በኮላር ታስሯል፤ ሆዱ ውስጥም ደም ስለሚፈስ ቀዶ ጥገናው የሚዘገይ አልነበረም። ሚስቱ አልጋውን ተከትላ እየሮጠች የቀኝ እጁን ይዛ ነበር። «እዩት፣ ይጨብጠኛል» ትለናለች። እውነትም ጣቶቹ ይንቀሳቀሱ ነበር።

መምህር ጭንቅላቱን ያዙ፣ እኔ ላሪንጎስኮፑን አስገባሁ። የታየኝ የጉሮሮው ክዳን ጠርዝ ብቻ ነበር። ከፍ ሳደርግ ትንሽ ጨመረልኝ፤ ቱቦውን ብሰደው ወደ ምግብ ቧንቧው ገባ። አወጣሁት፣ በኦክስጅን አስተነፈስነው። ሁለተኛ ሞከርኩ፤ እልህም ያዘኝ መሰለኝ ክንዴን አጠነከርኩ።

«ጓለይ፣ ጭንቅላቱ እየመጣብኝ ነው» አሉ መምህር።

«ትንሽ ቀረኝ» አልኩ።

«በቃሽ» አሉ።

ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን ከፊት ከፍቶ ቱቦውን በዚያ አስገባ። ሆዱም ተሠራ፣ ሰውየው ተረፈ። ጣቶቹ ግን ከዚያ ወዲያ አልጨበጡም። ሐኪሞቹ አንገቱ ውስጥ ያለው እብጠት ከሰዓታት በኋላ እንዲህ ሊያደርግ እንደሚችል አስረዱ፤ እውነታቸውን ነው፣ ያደርጋል። ውድቀቱ ይሁን የእኔ ክንድ የሚያውቅ የለም። ሚስቱ በኮሪደሩ ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ «ሲገባ ይጨብጠኝ ነበር» ስትል እሰማት ነበር። ዛሬም ኮሪደር ላይ ቀስ ብሎ የሚያወራ የሴት ድምፅ ስሰማ ዞር እላለሁ።

የዚያን ዕለት ራስ ያዡ ራሳቸው መምህር ስለነበሩ የሚጠይቁት አልነበረም። እጃቸውን እየታጠቡ «ብዙሕ፣ ጓለይ» አሉኝ። አልተቆጡም፣ አላጽናኑኝምም። ከዚያ ወዲያ ግን ለረጅም ጊዜ ቱቦ አላስነኩኝም፤ ራስ አስያዙኝ እንጂ።

ያኔ ነው ሙያው የገባኝ። ተራዋ ላሪንጎስኮፕ ለማየት ወደ ላይ ማንሳት ትፈልጋለች። አስገቢው ሲያነሳ ጭንቅላቱ እጅሽ ውስጥ ሊነሳ ይፈልጋል፤ ሁለት ሰው በአንድ ጆንያ እንደሚጓተት ነው። ጫፏ የምትታጠፍ ሌላ ዓይነት ነበረች። እጀታዋ ላይ ያለውን ዘንግ በአውራ ጣት ስትጫኛት ጫፏ ብቻ ቀና ትልና የጉሮሮውን ክዳን ታነሳለች፤ ከእሷ ጋር ትግሉ ግማሽ ይሆናል። ጨርሶ የማይታይም ካለ ቡዢ የምንላት ረጅም ቀጭን መሪ አለች። በክዳኑ ሥር ቀስ አድርገሽ ትሰጃታለሽ። የአየር ቧንቧው ውስጥ ከገባች ቀለበቶቹን እየነካች ትር፣ ትር ስትል ጣትሽ ላይ ይሰማሻል፤ ቱቦውን በእሷ ላይ ታንሸራትቻለሽ። ይህን ሁሉ በመጀመሪያ የተማርኩት የሌላውን ሰው እጅ በበሽተኛው ጭንቅላት በኩል እየተሰማኝ ነው።

ወደ ቱቦው ስመለስ ሌላ ሰው ሆኜ ተመለስኩ። ግማሹን አይቼ የቀረውን በጣቴ እጨርሳለሁ። ቀስ በቀስ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ «ኮላር መጣ፣ ለተን ጥሩ» የሚባል ነገር ተለመደ። ምሳዬን ጥዬ ስነሳ አፌ ያማርራል፣ ልቤ ግን ያብጥ ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ የመተንፈሻውን በር የሚያየው አንድ ዓይን ነው፤ ያ ዓይን የእኔ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ፕሮፌሰሩ ቀዶ ሐኪምም ጭምር፣ «ታየሽ?» ብሎ ጠብቆኝ ነው። መብራትና ኦክስጅን በጠፋበት፣ አንዱን ቱቦ ቀቅለን ደጋግመን በተጠቀምንበት በዚያ ክፉ ጊዜም የሚጠራው ስም ይኸው ነበር።

መምህር ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ለእኔ ራስ ይዘውልኛል። ቃላቸው ሁልጊዜ «ቁሩብ» ነበር። ሥራው እንደ ቅቤ በሄደልኝ ቀን እንኳን፣ ቁሩብ። አንድ ጊዜ ብሽቅ ብዬ፣ «ለመሆኑ ዋላ ሓንቲ የሚባል ነገር አለ?» አልኳቸው።

«አለ» አሉ። «እኔም ግን ተብሎልኝ አያውቅም።»

ሰዒድ የመጣው ክፉው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። የደሴ ልጅ ነው፤ የዩኒቨርሲቲው የማደንዘዣ መምህር ሆኖ መጣ። ትግርኛው «ከመይ ሓዲርኪ» ብቻ ነበር፤ «እንደምን አደርሽ» መሆኑን ሳያስብ ከሰዓት በኋላም ይለኛል። እኔን እትዬ ለተ ብሎ ይጠራኛል፣ ሻይ ይጋብዘኛል፣ ወንበር ይለቅልኛል። የሚጠላበት ነገር ብፈልግ አጣሁ። ይህም ራሱ ያናድዳል።

ስክሪን ያለው ላሪንጎስኮፕ የመጣው በእሱ ጊዜ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ አለ፤ ካሜራው ጥጉን ዞሮ ያያል፣ ስለዚህ አንገት ማቅናት፣ ምላስም እንደ ድሮው ማንሳት አያስፈልግም። ሰዒድ፣ «ሦስቱንም መሣሪያ ጎን ለጎን እንያቸው» አለ፤ የልምምድ አሻንጉሊቱ ላይ ኮላር አሰርን። የአሻንጉሊቱ ጭንቅላት ጠረጴዛው ላይ በብሎን የታሰረ ስለሆነ ራስ ያዥ አላስፈለገም። እኔ በአሮጌዋ ጀመርኩ፤ ቱቦዋ ቶሎ ገባች፣ ተማሪዎቹ አደነቁ። ቀጥሎ በጫፍ ታጣፊዋ፤ እሷም ገባች። ከዚያ ሰዒድ ስክሪኑን አበራ።

ተማሪዎቹ ባንድ ላይ «እህ!» አሉ። የመተንፈሻው በር እንደ ደጅ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ያን ሁሉ ዓመት እኔ በአንድ ዓይኔ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ለቅጽበት የማየውን በር ሃያ ዓይን ሻይ ይዞ ያየዋል። እንደዚያ ታይቶም ግን የሰዒድ ቱቦ በሩ ጋ ደርሶ እየተንሸራተተ አልገባ አለ፤ ካሜራው ጥጉን ይዞራል እንጂ ቱቦው አይዞርም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። እሱ ግን ቱቦውን አወጣ፣ ውስጡ ያለውን ሽቦ ጎበጥ አድርጎ መለሰው፣ ገባ። ተማሪዎቹ ሁሉ ወደ እሱ ሄዱ። የእኔን ላሪንጎስኮፕ የሚያጥባት ጠፍቶ እኔው አጠብኳት።

ከዚያ በኋላ እንከን ስለቅምለት ከረምኩ። ደም ካለ ካሜራው ይታወራል እለዋለሁ። ጉም ይይዘዋል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ሲበላሽ የሚጠግነው የለም እለዋለሁ። ሁሉም እውነት ነው። ሰዒድ ፈገግ ብሎ «ልክ ነዎት፣ እትዬ ለተ፤ ለዚያ ቀን እርስዎ አሉልን» ይላል። እንደ መጠባበቂያ ጎማ ማለት ነው። ወራት ሳይቆጠሩ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ሰማሁ። «ኮላር መጣ፣ ሰዒድን ጥሩ።» የሚያወሩት ነርሶች እኔን ሲያዩ ወሬ ቀየሩ። መቀየራቸው ከንግግሩ ይልቅ አመመኝ።

መምህር ሓዱሽ ወሬውን ሰምተው መሣሪያውን ሊያዩ መጡ። ሰዒድ የተቀረጸ ቪዲዮ አሳያቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ አጥርተው፣ እንደገና አደረጉት። «ለካ እንዲህ ያምራል» አሉ። ከዚያ የሰዒድን ክንድ ያዝ አድርገው፣ «ወደይ፣ እስቲ ደግመህ አሳየኝ» አሉት። ወደይ ማለት ልጄ ማለት ነው። ጓለይ ለመባል ስንት ጊዜ ፈጅቶብኝ፣ እሱ በአንድ ቪዲዮ ወደይ ተባለ። የዚያን ቀን ባጃጅ አልያዝኩም፤ ከሆስፒታላችን ከዓይደር ቀዳማይ ወያነ ድረስ በእግሬ እየተብሰለሰልኩ ገባሁ።

ጡረታዬ ሲቃረብ መምህር ወደቁ። ውኃ ገብቶ እንደሆነ ለማየት ወደ ጣሪያው ታንከር ወጥተው፣ መሰላሉ ከድቷቸው ነው። አንገታቸው ተሰብሮ በኮላር መጡ። እጃቸው ደክሟል፤ ጣቶቻቸው ግን ይንቀሳቀሳሉ። ቀዶ ሐኪሙ አጥንቱን በብረት ማሰር አለበት፤ ለዚያ መተኛት አለባቸው፤ ለመተኛት ቱቦ መግባት አለበት። እነዚያ ጣቶች ሳይሞቱ።

በነጋታው ጠዋት እኔና ሰዒድ ከአልጋቸው ግራና ቀኝ ቆምን። ዓይናቸው ጣሪያው ላይ ነው፤ ወዴትም መዞር አይችሉም። እኔ ልቤ ቆርጦ ነበር። ያስተማሩት እጅ ፊታቸው ቆሞ ሌላ ሊጠሩ አይችሉም ብዬ።

«ሰዒድ፣ ወደይ» አሉ በአማርኛ፣ እሱ እንዲሰማ። «በዚያ ካሜራህ አንተ አስተኛኝ። ተማሪዎቹን ጥራ፣ የኔ ጉሮሮም ይታይ። ጓለይ ራሴን ትይዛለች።»

«መምህር፣ እኔ እኮ አለሁ» አልኩ።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው። ጭንቅላቴን ለሌላ እጅ አልሰጥም።»

ይህ ያጽናናኝ ይመስላችኋል? አላጽናናኝም። ሰዒድ ቱቦውን፣ እኔ የተማሪ ሥራ። ዋጥ አድርጌው ገባሁ።

ሰዒድ በራስጌያቸው ቆመ፣ እኔ በደረታቸው በኩል ፊቴን ወደ እሱ አድርጌ። እጄን አፋትጌ አሞቅሁ። ስሙን ከነአባቱ የሚነግራቸው ማን ነው ስል ሰዒድ ጎንበስ ብሎ፣ «መምህር፣ ሰዒድ ዓሊ ነኝ» አላቸው። ከየት እንዳመጣው እንጃ፤ ከእኔ ሰምቶ መሆን አለበት። ተኙ። ኮላሩ ላላ። ጣቶቼን ከጆሯቸው ኋላ ካለው አጥንት ላይ አሳርፌ፣ ክርኔን አስደግፌ ያዝኩ። ያን ሁሉ ዘመን ራሳቸውን ነክቼ አላውቅም ነበር። ትንሽ ነው፣ ቀላል ነው፣ ፀጉራቸው ለስላሳ ነው።

ስክሪኑ የቆመው ከኋላዬ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የመምህሬን ጉሮሮ ያያል፤ የማላየው እኔ ብቻ ነኝ። የተማሪዎቹን ዓይን እያየሁ ለማንበብ ሞከርኩ፤ ሁሉም ከትከሻዬ በላይ አፍጥጧል። ያለኝ እጄ ብቻ ነበር። ያንን የማውቀውን ትግል ጠበቅሁ፤ ጭንቅላቱ ሊነሳ ሲል ልይዘው፣ በልቤም እንዲመጣ ሳልፈልገው አልቀርም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠበቅሁ። አልመጣም። ምን ያስጠብቀዋል፣ ለምን አይጀምርም ብዬ ቀና ብል፣ ሰዒድ ቱቦውን በፕላስተር እያሰረ ነው።

ቀዶ ጥገናው በደህና አለቀ። ቱቦው በመምህር ጉሮሮ አድሮ በማግስቱ ሰዒድ አወጣላቸው። ሳሉ፣ ተነፈሱ። ቀዶ ሐኪሙ «ጨብጡኝ» አላቸው፤ ጨበጡት። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ፣ ከዚያ ተመለስኩ። ድምፃቸው ተዘግቷል። ዓይናቸው ሲፈልግ አየሁና ጎንበስ አልኩላቸው።

«ጓለይ» አሉ። «እንታይ ተሰሚዑኪ?»

እሳቸው ተኝተው ነበር። ካሜራው የሚያየው ጉሮሮ እንጂ አንገት አይደለም። የሚመሰክረው የእኔ እጅ ብቻ ነው። «ቁሩብ» ብላቸው ማን ያውቃል? ለእኔ ሁልጊዜ የተባለልኝ ቁሩብ ነው፤ ለእሱም ቢባልለት በደል አልነበረም። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ሰዒድ አልጋው ማዶ ቆሞ የግሉኮሱን ጠብታ ያስተካክላል፣ የምንለው አይገባውም።

«ዋላ ሓንቲ» አልኩ።

መምህር ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ የራሳቸውን ጨፈኑ፤ ከንፈራቸው ትንሽ ፈገግ አለ።

ሰዒድ ቀና ብሎ፣ «እትዬ ለተ፣ ምን አሉ?» አለኝ።

«ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ» አልኩት።

ሌላ ጊዜው ሳይመጣ ጡረታ ወጣሁ። መምህር ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ የጠየቃቸውን ሁሉ «ያስተኛኝ ሰዒድ ነው» ይላሉ፣ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ያቺ አሮጌ ብረት ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ቅናቴም አልወጣልኝም፤ ሰው የዕድሜ ልኩን የተመኘው ቃል በገዛ አፉ ለሌላ ሲሰጥ፣ ያ ሌላ ደግሞ መቀበሉን እንኳን ሳያውቅ ጠብታ ሲቆጥር፣ እንዴት ይወጣል?

ሰዒድ፣ ሌላ ጊዜ ያልኩህ ይኸው ነው። መምህር የጠየቁኝ ጭንቅላታቸውን ይዤ ሳለሁ ከአንተ እጅ ምን እንደተሰማኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም።